የጓዳችን ጥግና የዳባቱ አናጢ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ደባርቅን ክፉኛ መታት። የእኛም የጓዳ ግድግዳ ወደ ውጭ ሆዱን ነፋ። እናቴ ደጅ ወጥታ አየችውና «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን አናጢ ይጠራል። እናቴ ግን አናጢን ከካድሬ አስበልጣ ትፈራ ነበር።

ምክንያት ነበራታ። ደርግ መሣሪያ አስረክቡ ሲል አባቴ ምንሽሩን በጆንያ ጠቅልሎ ከጓዳው ጥግ በማገሩ መሀል አስገባና በጭቃ መረገበት። እሱ በሕመም ሞተ፤ ጠመንጃው ከእኛ ጋር ቀረ። አሁን ወስዳ ብታስረክብ «እስከ ዛሬ የት ነበር?» ይሏታል፤ ዝም ብትል ደግሞ ግድግዳው ተዘርግፎ ያጋልጣታል። ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ ጎረቤቶች ከዳባት አንድ አናጢ አመጡልን። ገና በር ላይ ሳየው ጠላሁት። ካኪ ለብሷል። ጭቃ ሊያቦካ የመጣ ሰው የካድሬ ልብስ ምን ያደርግለታል? ምሳ ቢቀርብለት «ይቆየኝ፣ እትዬ» አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «የቤቴን እህል የማይቀምስ ሰው ምን ሊያደርግ መጣ?» አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሱ ጠይቆ በላ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «ጽጌ ነው» አለ። ጽጌን የሚጾም ካኪ ለባሽ! ይኼስ ባሰ። ጿሚ መስሎ ሰው የሚያወጣጣ ስንት አለ።

ሥራው ላይ እንኳ እንከን አይወጣለትም። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ የበሰበሰ እንጨት ድምፁ ሌላ ነው አለን። እንዲህ እያንኳኳ ጓዳ ሲገባ እናቴ ቀድማው ሄደችና ጥጉን በጀርባዋ ከልላ ቆመች።

«እዚህ አይነካ» አለች።

«እትዬ፣ የባሰው እኮ እሱ ነው። ቋሚው አልቋል።»

«አይነካ አልኩ! የባሌ እጅ ያረፈበት ነው።»

ምክንያት አይሉት! ባሏ በሕይወት ሳለ ምርጊቱ ጠማማ ነው እያለች ስታበሽቀው የኖረች ሴት።

«እሱን ትቼ የቀረውን ብመርግልዎ ጣሪያው እላይዎ ይወርዳል። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ሠርቼ አልሄድም» አለ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። አንዴ እሷን፣ አንዴ ግድግዳውን አየ። አወቀ፤ ጉዳችን ፈላ አልኩ በልቤ።

መዶሻውን አስቀመጠ። «ነገ ቅዳሜ ዳባት ጉዳይ አለብኝ፤ እሁድም አልሠራም። ይቺን ጥግ እርስዎና ልጅዎ አፍርሳችሁ ጠብቁኝ። ሰኞ ባዶዋን ላግኛት» ብሎ ወጣ።

«ወጥመድ ነው» አለች እናቴ ዘጭ ብላ እየተቀመጠች። «እጅ ከፍንጅ ሊያስይዘን ነው።» እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ግን ምን ምርጫ አለን? ቅዳሜ በጠዋት በሩን ቀርቅረን ጥጉን አፈረስነው። የጠመንጃው እንጨት በስብሶ እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ ብረቱ ዝጎ ቀይ ሆኗል። ወፍ እንኳ አይመታ! እናቴ «ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት?» ብላ አለቀሰች። አባቴን ረገመችው፤ መልሳ ነፍስ ይማር አለች። ብረቱን በቅርጫት ፍግ ሸፍነን ወሰድንና ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልነው። የሚይዘን ሰው አልመጣም።

ሰኞ አናጢው መጣ። ባዶውን ጥግ አየና ቀጥታ ሥራውን ጀመረ። አዲስ ቋሚ አቆመ፣ ማገር መታ፣ መረገ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ራሷ ምግቡን ይዛ ቀረበች፣ «ይብሉልኝ» ብላ። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የምትለው። ሲበላ ትንሽ አየችውና አላስችላት አለ።

«ማን ነገረዎ?»

ሳቀ። «ማን ይነግረኛል? ከዳባት እስከ አዲ አርቃይ ያደስሁት ቤት ሁሉ አይነካ የሚባል ጥግ አለው፣ እትዬ።»

ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ መርቃ እስከ አጥሩ ሸኘችው። ስትመለስ ግን ፊቷ ጠቁሯል።

«ደግ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጠው» አለችኝ በሩን እየዘጋች። «ግን ቢይዙትስ? ቢገርፉትስ? የእኛን ጥግ አያወጣም?»