መልህቅ የማይጣልባት ደሴት

ልጅ ሳለሁ በአንዲት ደሴት ምክንያት ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀረሁ፤ ደሴቷ ደግሞ የለችም።

የነገሩን ጋሽ ተክሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ላይ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነበሩ፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ እኛ በምንኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ጂኮ የሚሉት የሸክላ ምድጃ ላይ ከሰል ይጨምሩና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ያችኑ ደሴት ያመጧታል። ተራራዋ ቅርብ ሆኖ ይታያል፣ የምንጯ ውኃ ማር ማር ይላል፤ ግን መልህቅ የጣለ አይደርስባትም፤ ሰንሰለቱ ባሕሩን ሲነካ ትሰወራለች። አንድ ቀን ከምፅዋ በላይ ናት፣ በሌላው ቀን የመን አጠገብ። ተረቱንስ ችዬው ነበር።

ያልቻልኩት እናቴን ነው። ተረቱን እንደ ምክር ወሰደችው። ያኔ ግቢው ሁሉ «ፕሮሰስ» ላይ ነበር፤ ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስደውን ወረቀት ይጠብቃል። አልጋ አልገዛንም። መጋረጃ አልሰቀልንም። ትምህርት ቤት አስገቢኝ ስላት፣ «እዚህ መልህቅ አንጥልም፤ እዚያ ትማራለህ» ትለኛለች። የጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ በሩን እዘጋው ነበር።

አንድ ምሽት ትዕግሥቴ አለቀ። ጋሽ ተክሌ ሰንሰለቱ ጋ ሲደርሱ አቋረጥኳቸው።

«ማን ደርሶባት ያውቃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ውኃዋን ማን ቀምሶ ነገረዎት?»

«ይሄ ልጅ ኢሚግሬሽን ሊቀጠር ነው እንዴ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስሜን መጻፍ አልችልም» አልኳቸው።

ጋሽ ተክሌ ፍሙን ትንሽ ነካኩና ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ፣ ተረት እኮ ነው!»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ይነግሩናል?» አለች።

በማግስቱ ጠዋት እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዱኝና «የልጅ ልጄ ነው» ብለው አስመዘገቡኝ። እናቴ የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ አላነጋገረቻቸውም።

ሁለቱ ዓመታት ዛሬም ያናድዱኛል። እሳቸውን ግን መቀየም አልሆነልኝም፤ በተሰባበረ ስዋሂሊ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ሲሟገቱ የሰማሁት ድምፅ፣ ከተረቶቻቸው ሁሉ ይልቅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

የግቢው ሰው አንድ በአንድ ሄደ። ጋሽ ተክሌ ሞቱ። እናቴና እኔ እዚሁ ነን።