መብለጥ የታከታት እህቴ

እትዬን አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ወገቧን ነው፤ ቀጥሎ ዓይኗን፣ ከዚያ ደግሞ ለቤት ሰው የሚተርፍ ጨዋታዋን። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ ስትል ልጄ እየሮጠች ትመጣና «አክስቴ፣ ተረት» ትላታለች።

«ነገ፣ የኔ ቆንጆ።»

ነገም ያው ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። እዚያ ቤት ከረድፉ ፈጣኗ ሴት ዛሬ የሠራችው ብዛት ለነገ የሁሉም ግዴታ ይሆናል። እትዬ በበለጠች ቁጥር ረድፉ በሙሉ ይሮጣል።

አንድ ቀን ከማሽኖቹ ፊት ለፊት ትልቅ የእንግሊዝኛ ቃል ተለጠፈ። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ ማታ ጠየቀችኝ።

«ኤክሴል ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተሩ?»

«ደግሞ ኮምፒውተር የት አይቼ። ግድግዳ ላይ ነው።»

መዝገበ ቃላት ገለጥኩላት። «ከሌሎች መብለጥ፣ ልቆ መገኘት ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው ወደ ላይ ከፍ ማለት ነው። ኮረብታ ከሚለው ቃላቸው ጋርም ይዛመዳል።»

እግሯን ማሸት ጀመረች። «ሽቅብ መውጣት ነዋ» አለች። «እኔ እኮ በከንቱ አይደለም የደከመኝ።»

በዚያው ሳምንት አለቃው ግዴታውን ያልሞላ እንደሚሰናበት ተናገረ። ከእትዬ ጎን የሚሰፉት ሴትዮ፣ ሁሉም «እናታችን» የሚሏቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ክር እንኳ የምታስገባላቸው እትዬ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ሮጠሽ ሮጠሽ እኔን ከበር ልታስወጪኝ ነው?» አሏት።

እየሳቁ ነው ያሉት። እትዬ ግን ምሳዋን ከድና አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ እጇን ያዝ አደረገች። ክር የተበጠሰባት ታስመስላለች፤ የሰፋችውን መልሳ መላልሳ ታገላብጣለች። በፍጥነቷ «ማሽኗ» የሚላት አለቃው አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ምነው ማሽኗ፣ ነዳጅ አለቀ?»

«እርጅና ነው፣ ጌታዬ።»

በየወሩ ለፈጣኗ የሚሰጠው ሽልማት ቀረባት። የረድፉ ግዴታ ግን ወረደ፤ እናታችንም ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ሌላ ፈጣን ልጅ ብትቀጠርስ?» አልኳት።

«ከእናታችን ጋር ምሳ ትብላ። ይበቃታል።»

ስለ እሷ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ «የሚያነቡት ሰዎች ጎበዝ እንዳይሉኝ። ይልቅ እነሱም ሥራቸውን ቀድመው የሚጨርሱ ከሆነ፣ ከጎናቸው ያለውን ሰው ዞር ብለው ይዩልኝ።»