ፓርቲው ለቅሶ ይድረስ
ኤምሬትስ፣ ሻርጃ፣ አል ናህዳ ሰፈር፣ እሁድ ከሰዓት እድራችን ተሰብስቦ ሳለ ፖሊሶች በር አንኳኩ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው። ሰብሳቢዋ ማን ናት ሲሉ እኔ ነኝ አልኩ። ማን እንደጠቆመብን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልናገርም። ያስገቡኝ ክፍል ነጭ ነበር፤ ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል፣ ብርድ ልብሱ የሰው ላብ ይሸታል።

እድሩ የእኛ፣ የቤት ሠራተኞች ነው። አንዷ ስትሞት አስከሬኗን ለእናቷ እንልካለን፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከወራት በፊት ግን ወዳጅ አገኘን። ኮሚኒስት ፓርቲ ከሚገዛው አንድ ትልቅ አገር የመጡ ሰዎች መጀመሪያ ወንበር ሰጡን። ቀጥሎ ለበዓል አዳራሽ ተከራዩልን፤ እኔን ከፊት አስቀምጠው ፎቶ አነሱኝ። ምንም አልጠየቁንም፤ እሱ ነበር የከነከነኝ። በኋላ የፓርቲያቸው ወዳጆች ጉባኤ ውስጥ ግቡ፣ ስማችሁ መግለጫችን ላይ ይውጣ አሉ። መልስ ሳልሰጥ ታሰርኩ።

በማግስቱ አስተርጓሚያቸው፣ የወሎ ልጅ፣ ትኩስ ምግብ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ።

«እትዬ፣ ዋላሂ አንጀቴን በሉኝ። ሰዎቹ ትልቅ ሰው ያውቃሉ። እድሩ ከእናንተ ጋር ነው ይበሉኝ፤ ኸላስ፣ ነገ ቤትዎ ነዎት።»

«እምቢ ካልኩስ?»

«ፖሊሶቹ ወደ አገር ይመልሱዎታል።»

ፈራሁ። ልጄን የማስተምረው በዚሁ ሥራ ነው። ንዴቱ ግን ከፍርሃቱ በለጠ።

«እንዲህ በላቸው» አልኩት። «ፓርቲው ከእኛ ጋር መሆን ከፈለገ እንደማንኛችንም ይመዝገብ። ለቅሶ ይድረስ። ሬሳ ማቆያው በር ላይ ቆሞ ይዋል። አንድ ዓመት እንየውና እንነጋገራለን።»

«እትዬ፣ ቀልዱ ሙሽኪላ ያመጣብዎታል።»

«መቼ ቀለድኩ?»

ምግቡን ሳልከፍት መለስኩለት። እንዴት አምሮኝ ነበር! የእስር ቤቱን ሩዝና ምስር በላሁ።

ከቀናት በኋላ አሠሪዬ ማዳም ዋስ ሆና አስወጣችኝ፤ እስከ ቤት ድረስ ስትጮህብኝ ሄደች።

ዛሬ ጎረቤት ከተማ አጅማን ነው የምኖረው። ያኔ እንደተፈታሁ ጥያቄውን ለአባላቱ አቀረብኩ፤ በየቢድ ስፔሱ፣ አልጋ አልጋ በተከራዩበት የጋራ ክፍል፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መከሩ። እንግባ ያሉ ነበሩ፤ ጉልበት ያለው ወዳጅ ምን ይጎዳናል አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እነሱ ቢበዙ ኖሮ እያረርኩም ቢሆን እገባ ነበር። ግን አልበዙም። በእኛ እድር ሰብሳቢ የምትናገረው ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ነው። ተራዬ ሲደርስ፣ ብቻዬን እምቢ ያልኩትን ከሰዎቼ ጋር ሆኜ እንደገና እምቢ አልኩ።