ሳሎናችን ውስጥ ያላለቀው የባሕር ጦርነት

ባሕር አይቼ አላውቅም። ደባርቅ ተወልጄ ዳባት ሒሳብ የማስተምር ሴት ባሕር ከየት አገኛለሁ? የጦር መርከብ ግን ጠይቁኝ። ባለቤቴ በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበረ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ደባርቅ ተመልሶ ጋራዥ ከፈተ፤ ባሕሩ ግን ከሆዱ አልወጣለትም። ማታ ማታ ከዋንዛ እንጨት መርከብ ይጠርብ ነበር፤ መድፉ ምስማር፣ ምሰሶው የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ። ሁለት አሮጌ በሮች ገጥሞ ሳሎኑን የሞላ ጠረጴዛ ሠራና ሰማያዊ ላስቲክ አለበሰው። መሐሉ ላይ ከሊማሊሞ መንገድ ያመጣውን ትልቅ ድንጋይ «ደሴት ነው» ብሎ አስቀመጠ። ልጅ አልወለድንም። ዘመድ መጥቶ ያንን ሁሉ መርከብ ሲያይ ከንፈሩን ይመጥልናል። እኔም በሆዴ «ምጠጡ፣ ከንፈሩ የራሳችሁ!» እላለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በየተራችን መርከቦቻችንን እናንቀሳቅሳለን። መተኮስ የፈለገ ከመርከቡ እስከ ጠላት መርከብ የተለካች ሲባጎ ይወጥራል፤ ሲባጎው ከደረሰና ድንጋዩን ካልነካ፣ ከሉዶ የወሰድናትን ዳይስ ይጥላል፤ ቁጥሩ ከቀናው መታ። ከሁሉም የምትከፋው የቶርፔዶ ጀልባ ናት። ጣት ታህላለች፣ ግን ትልቁን መርከብ ባንዴ ታሰምጠዋለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንቀመጣለን፤ አንዱ ጦርነት ወራት ይፈጅብናል። በመሐል መርከብ የነካ ወዮለት!

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አሸንፌው አላውቅም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ! ሲያሸንፍ አይፎክርም፣ ቀስ ብሎ ያፏጫል፤ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ደግሞ ፉጨቱ ነው። በመጨረሻው ጦርነት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በጋው ሲገባ ትልቋን መርከቤን ደህና ቦታ አስያዝኳትና ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላደረግኳትም። የእሱ መርከቦች በየእሑዱ ወደ እሷ እየመጡ ይሰጥማሉ። የእሱ የቶርፔዶ ጀልባ ከድንጋዩ ጀርባ ገብታ ቀረች፤ ከተቀመጥኩበት አትታየኝም። «ፈርታ ተደበቀች፣ እንደ ጌታዋ!» ስለው ሳል እስኪያንቀው ይስቃል። ሳሉ በርትቶበት ጋራዡን ዘግቶ ነበር። ጎንደር ሐኪም ቤት ብቻውን እየገባ «ብርድ ነው አሉኝ» ይለኛል። እኔም ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ብርድን መቼ ይክዳል ብዬ አመንኩት።

ተራው የእሱ እንደሆነ ሞተ።

እኛ አገር ሐዘን ቤት ያራግፋል። አልጋው፣ ወንበሩ ይወጣል፤ ፍራሽ ይነጠፋል። እኔ ራሴን ሳላውቅ የእድሩ ሰዎች ጠረጴዛውን አንሥተው ድንኳን ውስጥ ሳህን ደረደሩበት። ለቀስተኛው ቀለል ሲል ቀና ብዬ ባይ፣ መርከቦቹ በሙሉ የሳሎኑ ቡፌ ላይ ናቸው። የእኔና የእሱ ተቀላቅለው፣ ታጥበው፣ አፍንጫቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው። ያደረገችው አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት።

«የሟች እጅ ያረፈበት ነው ብዬ ወደ ምሥራቅ አዞርኳቸው፣ እንደ ክርስቲያን» አለችኝ።

ለዚህ ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። በልቤ ግን ባንቃት ደስ ይለኝ ነበር። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ላሸንፈው የነበረውን ጨዋታ አጥባ አስቀመጠችው!

አርባው ወጣና ሰዉ እግሩን ሰበሰበ። ከዳባት ተሳፍሬ መጥቼ በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ ብርዱ ብቻ ነው። ራት መሥራት ተውኩ፤ ለአንድ ሰው ምን ይሠራል? አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሣኝ፤ አሸንፌው ነበር ወይስ አላሸነፍኩትም? ሞኝ ትሉኝ ይሆናል፤ በሉኝ። ከእሱ ጋር ጀምሬ ያልጨረስኩት የቀረኝ ያ ጨዋታ ብቻ ነው።

ጠረጴዛውንም ድንጋዩንም ወደ ቦታቸው አስመለስኩ። መርከቦቹን የማጀቴን ዕቃ ያህል ስለማውቃቸው በየቦታቸው ተከልኳቸው። የዚያች የቶርፔዶ ጀልባ ቦታ ብቻ ጠፋኝ። ከድንጋዩ ጀርባ የት ጋ ነበረች? በእሱ በኩል ተቀምጬ አላውቅም። ቢቸግረኝ ጎረቤቴን ጠራኋት።

«ይቺን የት ጋ አነሣሻት?»

«አንቺ ሴት፣ በጤናሽ ነው?» አለች መጀመሪያ። ኋላ ግን በመስኮቱ በኩል ዞራ ጎንበስ አለችና በጣቷ አሳየችኝ። «ይኸውልሽ። ላስቲኩን ፀሐይ በልቶታል፤ ከሥሯ ብቻ ሰማያዊነቱ አለ። በጋውን እዚሁ ነው የከረመችው።»

እውነቷን ነው። ጀልባዋን የምታህል ጥርት ያለች ሰማያዊ ነጥብ አለች። ጀልባዋን አስቀመጥኩባት፤ ልክ ሆነች። ጎረቤቴ «እህል ቅመሺ» ብላኝ ወጣች።

የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጀልባዋ እስከ ትልቋ መርከቤ ሲባጎውን ወጠርኩ። ድንጋዩን አልነካም። ደርሶም ተረፈ። ደግሜ ወጠርኩት፤ ያው ነው። በጋው ከገባ ጀምሮ መርከቤ አፍንጫው ሥር ነበረች። ያን ሁሉ እሑድ ዳይሷን አንሥቶ ቢጥል ባንዱ ባይሳካለት በሌላው ያሰምጠኝ ነበር። እሱ ግን ሌሎቹን አንድ ባንድ እያመጣ ያስመታል። ያሸነፍኩ መስሎኝ ስቦርቅ እያየ!

«አንተ ሰው! ማን ለመነህ?» ብዬ ጮኽኩ። ሲያሸንፈኝ እንኳ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ማዘን አይደለም፤ ማሸነፉንማ ይወድ ነበር። ይህ ካለቀ ሌላ ለመጀመር ጊዜ እንደሌለው ያውቃል። ብርድ ነው ያለኝ ሰውዬ ያውቃል። ስለዚህ እንዳያልቅ ያዘው።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ብቻዬን ነኝ እላለሁ። እሱ ግን በጋውን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየሳቀ፣ የሚያውቀውን ለእኔ ሳይነግር፣ ብቻውን ነበር።