መተንፈሻ ያለው ሳጥን

ልጄ ያመጣችልኝ ኮምፒውተር ከእኔ የበለጠ ቆንጆ ነበር። ይህ ግን ብዙም ምስጋና አይደለም፤ ከእኔ ያላማረ ነገር ሰመራ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጥቁር ነው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ሲበራ ውስጡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ እንደ ሙሽራ መኪና ያብለጨልጫል። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው የመጣበትን ረስቶ እሱን ሲያይ ይቆማል። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ድርግም ይላል።

ድርግም የሚለውም ሥራ መርጦ ነው። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሳትም ምንም አይል። የሠርግ ቪዲዮ ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ ዘፈኑን ገጥሜ፣ «በል አሁን አውጣው» ስለው ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ሳያርፍ መሥራት አለበትና ይነድዳል። ከዚያ ይጠፋል። አንዲት የአሳይታ ሙሽራ አምስት ቀን በተከታታይ ከመኪና ልትወርድ እግሯን እንዳነሳች ቀርታለች። ባሏ በየቀኑ እየመጣ «ወረደች?» ይለኛል። «ነገ ኢንሻአላህ» እለዋለሁ።

ይህን ለልጄ በስልክ መናገሬ ነው ጥፋቴ። ልጄ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔን ወደ ቤቷ ለማስገባት ያልፈነቀለችው ድንጋይ የለም።

«አባ፣ ማሽኑም አንተም ለዚያ አገር አልተፈጠራችሁም» አለችኝ። «ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ምንጣፍ ተነጥፏል። ና።»

ክፍሉን አውቀዋለሁ። ጥሩ ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ፤ በልተሃል ወይ ይሉኛል፤ በልቻለሁ እላለሁ፤ ይመሻል። እዚያ የእሷ አባት ነኝ። እዚህ ግን ፎቶ አንሺ ነኝ፤ የክልሉ ቢሮ ሁሉ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወር ከአዋሽ ካሜራዬን ተሸክሜ መጥቼ የዚህን ከተማ ፊት ሁሉ ሦስት በአራት ሳንቲሜትር አሳንሼ ያተምኩ ሰው ነኝ። ደግሞ ሙቀት ለእኔ አዲስ ነው እንዴ? አዋሽ ሳለሁ ፊልም የማጥበው ከባቡር ጣቢያው ባሻገር ባለች፣ መስኮት በሌላት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ ስወጣ ከፎቶዎቹ እኩል ታጥቤ ነበር የምወጣው።

«ስሚ» አልኳት። «በሰኔ ነይ። ሰኔን ራሱን ምረጪ፤ እዚህ ከሰኔ የባሰ ሙቀት የለም። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አንድ ሙሉ ሠርግ ሳይጠፋ ካወጣ፣ የኮምቦልቻን ስም ሁለተኛ አታነሺብኝም። ከጠፋ ቤቱን ቆልፌ በመጣሽበት አውቶብስ አብሬሽ እመለሳለሁ።»

«ኤሲ ማስገባት የለም?»

«የለም።» ኤሲ የመግዛት አቅሙም የለኝ። ቢኖረኝም ግድግዳዬ ቆርቆሮ ነው፤ ቅዝቃዜው በየስንጥቁ ወጥቶ ሰመራን ሲያቀዘቅዝ ይውላል።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«መብራት ከጠፋ አይቆጠርም። እንደገና ነው።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሦስት ወር ብቻ እንደቀረኝና ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የማብሪያውን ቦታ ብቻ እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ብቻዬን የጀመርኩትን ልናገርና ሳቁብኝ። አዋሽም ሆነ ሰመራ የኖረ ሰው ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። ለጀሪካኑ በልኩ ጆንያ ትሰፋለታለህ፤ ጆንያውን ታርሳለህ፤ ጥላ ሥር፣ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ ታስቀምጠዋለህ። እስከ ቀትር ጥርስ የሚያንገጫግጭ ውሃ ትጠጣለህ። ጀሪካንን ያቀዘቀዘ ጆንያ ኮምፒውተርን የማያቀዝቅዝበት ምክንያት አልታየኝም። ሰፋሁለት። መስታወቱን በሚያሳይ በኩል እንደ ቀሚስ አንገት አድርጌ ቀደድኩለት፤ እንደዚያ ስለ ውበት የሚያስብ ሰው ነኝ። ቬንትሌተሩን ፊት ለፊቱ አቆምኩ።

ሁለት ቀን ሠራ! የሙቀቱ ቁጥር ወረደ። ደውዬ ፎከርኩባት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጢስ ጢስ ሸተተኝ፤ ቀጥሎም አንድ ነገር ጧ አለ።

የጠገነልኝ ሰው ጎኑን ፈትቶ ውስጡን አየ። ውሃው ከጆንያው በብሎን ቀዳዳዎች ሰርጎ መብራቱን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ገብቷል። ብረቱ በየማዕዘኑ ዝጓል።

«አባባ» አለኝ በትሕትና፣ «ይህንን ሊጠጡት ነበር?»

የቀረው ዕቃ በአላህ ቸርነት ደህና ነበር። ፓወር ሰፕላይ ሌላ ተገዛ። ቆንጆው ሳጥን ግን አበቃለት። ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እርቃኑን ዘርግቼ፣ ሳጥኑን በብብቴ ይዤ ከቤቴ ጀርባ ወዳለው ቆርቆሮ ሠሪ ሄድኩ።

ቆርቆሮ ሠሪው የጎንደር ሰው ነው፤ የእኔ እኩያ። ከተማው ሲቆረቆር ጣሪያ ሊመታ መጥቶ እንደ እኔ ቀርቷል። አሁን የከሰል ማንደጃና ለዳቦ ቤቶች ትልልቅ ምድጃ ይሠራል። ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ሳጥኑን አገላበጠው።

«ይህን የሠራው ሰው ምድጃ ሠርቶ ያውቃል?»

«ለምን ብሎ ምድጃ ይሠራል?»

«አፍ የለውማ። ፊቱን በመስታወት ደፍኖ፣ ከላይ ደፍኖ! አፍ የሌለው ምድጃ ይታፈናል።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እሳት አልፈለግኩም። ማቀዝቀዝ ነው የፈለግኩት።»

«ወደድክም ጠላህም እሳት አለህ» አለኝ። «አየሩ በየት ይግባ፣ በየት ይውጣ ነው ጥያቄው። ለማንደድም ለማብረድም መንገዱ አንድ ነው።»

የሰማሁት መሰላችሁ? የፎቶ ፖስታ ጀርባ ላይ የራሴን ንድፍ ሥዬ ነበርና «ዝም ብለህ ይህን ቁረጥ» አልኩት። በንድፌ ስድስት ፋን አለ፤ ስድስቱም ከአራቱም ማዕዘን ወደ ውስጥ ይነፋል። ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ አንድ ፋን ጥሩ ከሆነ ስድስቱ ስድስት እጥፍ ጥሩ ነው። እሱም ትከሻውን ሰብቆ ላሜራውን ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በሪቬት ሚስማር መታ። ዕቃውን አስገባን። አስነሳነው። ድምፁ ሊበር የተዘጋጀ አውሮፕላን ይመስላል። በሃያ አምስት ደቂቃ ጠፋ። ከመስታወቱ ሳጥንም ባሰ።

ቆርቆሮ ሠሪው መዳፉን በየጎኑ እየያዘ ዞረው። «ስድስት ሰው እየተጋፋ ይገባል» አለ። «የሚወጣ ግን አንድም የለ። ውስጥ ያለው አየር የት ይሂድልህ? እዚያው እየተሽከረከረ እየነደደ ነው።»

እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ፤ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ሳስበው ትልቁ ስሕተቴ ታየኝ። ሰመራን ላቀዘቅዝ ነበር የተነሳሁት። የክፍሌ አየር በቀትር አርባ ሦስት ዲግሪ ነው፤ ምንም ያህል ፋን ቢነፋ አርባ ሦስቱን ነው የሚነፋው። አርባ ሦስቱን ሠላሳ አደርጋለሁ ማለት አላህ ሥራ ውስጥ መግባት ነው። ማሽኑ ግን አርባ ሦስቱን ይችላል። የሚገድለው የራሱ ሙቀት በላዩ ላይ ሲከመርበት ነው። ስለዚህ ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ያወጣውን ትኩሳት ውስጥ ውሎ ሳያድር ገፍቶ ማስወጣት። ይህን ለመረዳት አንድ ፓወር ሰፕላይና አንድ ጆንያ ፈጅቶብኛል።

እንደገና ጀመርን። አሁን አፉ ከፊት ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ ሆኖ ተቀደደ፤ ሁለት ትልልቅ ፋን እዚያ ገብተው ወደ ውስጥ ይነፋሉ። መውጫው ከላይና ከኋላ ሆነ፤ ሁለት ፋን እዚያ ሆነው ያወጣሉ። የቀሩትን ሁለቱን ለቆርቆሮ ሠሪው ሰጠሁት፤ ከሰል ማያያዣ አደረጋቸው። ለፓወር ሰፕላዩ ከታች በላሜራ የተለየ ጓዳ ሠራንለት፤ የራሱን አየር በራሱ በር ይስባል፣ ከጎረቤት ጋር አይጣላም። ሽቦውን ሁሉ ከጀርባ አስረን መንገዱን ለቀቅን።

ከዚያ ተጣላን። ቆርቆሮ ሠሪው በማንደጃዎቹ ላይ እንደሚያደርገው የአፉን ላሜራ በሚስማር እየበሳ አበባ አወጣበት። በጣም ያምራል። አየሩ ግን በዚያች የሚስማር ጫፍ በምታክል ቀዳዳ እየተለመነ ነው የሚገባው።

«ቅደደው» አልኩት።

«አበባውን?»

«አበባውን።»

«በስመአብ! አንተ ሰው ዓይን የለህም። ፎቶ አንሺ ነኝ ትላለህ ደግሞ!» ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ቀደደው፤ በምትኩ ከአልጋዬ አሮጌ አጎበር ቆርጠን ወጠርንበት። አቧራው አጎበሩ ላይ ይቀራል፣ አየሩ ያልፋል። አጎበሩ በፍሬም ተስቦ ይወጣል፤ ዓርብ ዓርብ ከልብሴ ጋር አጥበዋለሁ። ለወባ ትንኝ የተሠራ ነገር ለዚህ ሲውል ትንኟ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ እግሬ ምስክር ነው።

መጨረሻ ላይ እሱ ሲጋራውን ስቦ ጢሱን በሳጥኑ አፍ በኩል እፍ አለበት፤ እኔ በባትሪ እያበራሁ አየሁ። ጢሱ ገባ፣ ፕሮሰሰሩን አለፈ፣ ከላይ ወጣ። አንዲት ጥግ ላይ ግን፣ ቪዲዮ ካርዱ ሥር፣ ተጠምጥሞ ቀረ። ጣት የምታክል ላሜራ አጥፈን እዚያ ጋ ሰያፍ አቆምን። እንደገና እፍ አለ። ጢሱ ላሜራውን ተደግፎ ታጠፈና ወጣ። ሁለት ሽማግሌ ወለል ላይ ተንበርክከን ተጨባበጥን።

ሰኔ ገባ። ልጄ ቃሏን አክባሪ ናት፤ መጣች። ቦርሳዋ ባዶ ነበር፤ የእኔን ልብስ ልትከትበት መሆኑ ገባኝ። ሳጥኑን አየችው። «ምንድን ነው ይሄ? የዳቦ ምድጃ?» አለች። ቆርቆሮ ሠሪው ደስ አለው።

ለፈተናው ረጅሙን ሠርግ መረጥኩ፤ የጭፍራ ከተማ ሠርግ፣ ሁለት ካሜራ፣ ጭፈራው ብቻ አንድ ሰዓት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ትእዛዙን ሰጠሁ። እሷ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች፣ የማሽኑን ሙቀት በዲግሪ ልትጠራ፤ መቶ ከነካ ይጠፋል። ቆርቆሮ ሠሪው በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከሳጥኑ ኋላ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ፤ መውጫውን ማንም እንዳይደፍንብኝ ልጠብቅ።

ሰባ ስምንት። ሰማንያ አምስት። «ሰማንያ ዘጠኝ» አለች ልጄ፣ ድምፅዋ የአውቶብስ ሽታ ነበረው። ዘጠና አንድ። እዚያ ቆመ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠና አንድ። ሰባት ተኩል። ውሃ ስትሰጠኝ አልጠጣም አልኳት፤ ማሽኑ ሳይጠጣ እኔ ልጠጣ? ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማሽኑ ጭራሽ እንዳልደከመው ጢንግ ብሎ ጨረሰ።

«አየሽ!» ብዬ ተነሳሁ። የቀረውን ንግግር አዘጋጅቼው ነበር። ወለሉ ግን ቀድሞኝ ተነሳ።

ዓይኔን ስገልጥ እግሬ በርጩማው ላይ ተሰቅሏል፤ የልጄ ሻሽ ርሶ ግንባሬ ላይ ነው።

«አባ፣ ማሽኑ አለፈ። አንተ ወደቅክ።»

«ውርርዱ በማሽኑ ነው» አልኳት ከወለሉ ላይ።

«ወደ ኮምቦልቻ የምወስደው ማሽኑን አይደለም።»

«ወላሂ ብለናል። ማሽኑ ቢጠፋ ነው የተባለው። ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

ቆርቆሮ ሠሪው መሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የተቀመጠው እኮ መውጫው ላይ ነው» አላት። «ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የማሽኑ ትኩሳት ማጅራቱ ላይ ሲወርድበት። እንኳን እሱ ዳቦ ቢሆን በስሎ ነበር።»

ልጄ መዳፏን ከመውጫው ኋላ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉን አየችው። አራት ግድግዳ ቆርቆሮ፣ አንድ በር።

«ይህ ቤት መስኮት የለውም?»

«ነበረው። ደፈንኩት። ፎቶ ቤት ውስጥ ብርሃን በፈቃዱ አይገባም፤ የማስገባው እኔ ነኝ።»

«አፍ የለውማ» አለ ቆርቆሮ ሠሪው።

ልጄ ቦርሳዋን አየች፣ እኔን አየች። ስትናደድ እናቷን ነው የምትመስለው፤ ስትወስንም። ቆርቆሮ ሠሪውን ከሰል አምጣ አለችው። ሄደ፣ አመጣ። ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሄዳ ዝቅ ብላ አራት ማዕዘን ሣለች። ከዚያ በተቃራኒው፣ ከጣሪያው ሥር፣ ወንበር ላይ ወጥታ ሌላ ልትሥል እጇን ዘረጋች።

«ከፍ በይ» አልኳት።

«አባ ተኛ።»

«ተኝቼ ነው የማየው። ከዚህ ጥሩ ይታያል። አንድ ክንድ ወደ ግራ፤ እዚያ ጋ ከሣልሽው ብርሃኑ የሙሽራ ፊት ላይ ይወድቃል።»

«የሚወድቀው አንተ ነህ» አለች። ግን አንድ ክንድ ወደ ግራ ሄደች።

በማግስቱ የግድግዳው ቆርቆሮ ተቆረጠ፤ ብርሃን እንዳይገባ ክንፍ ክንፍ ያለው መዝጊያ ተሠራለት። በሦስተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ የሄደው አንድ ሰው ነው፣ ቦርሳዋም እንደመጣ ባዶውን ሄደ።

አሁን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትደውላለች።

«ስንት ደረሰ?»

«ሰማንያ አራት።»

«ማሽኑን አይደለም። አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«እኔን ስድስት ሰዓት ላይ አትለኪኝ» እላትና ስልኩን ዘግቼ፣ በርጩማዬን ወደ ማሽኑ አየር መግቢያ በኩል አዙሬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።