ለጥምቀት የተሰቀለው ጫማ

ሱቄ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲመታው ደንበኛው ሁሉ "ይሄ የአፈር ሽታ እንዴት ደስ ይላል" ይላል። እኔ ተነስቼ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። ምን ሆና ነው ይሉኛል። ለማን ብዬ አወራዋለሁ? ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

ታላቅ እህቴ አፈር ትበላ ነበር።

ቤታችን ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ በመስኖ ከሚለማው የሽንኩርት ማሳ ዳር ነበር። እኔና እሷ ከምንተኛበት መደብ ራስጌ ያለው ምርጊት እየተሸረፈ አስቸገረ። እናቴ አይጥ ነው ብላ ስትመርግ፣ ሲሸረፍ፣ ስትመርግ ከረመች። አንድ ቀን እህቴን ጥርሷ ላይ ጭቃ እንዳለ ያዘቻት። አልመታቻትም። ጭቃውን በበርበሬ ለውሳ እንደገና መረገችው። እህቴ አፏ ሲቃጠል ጊዜ ወደ ማድቤቱ ግድግዳ ዞረች። ያኔ ስቄ ነበር፤ አሁን አያስቀኝም።

"ምን ላድርግ፣ ያምረኛል" ትለኝ ነበር። መዳፏ ደም የሚባል አልነበረበትም።

አባቴ የሚያየው ሌላ ነበር። የውሃ ተራችን ሲደርስ እህቴ በባዶ እግሯ ቦዩ ውስጥ ገብታ ውሃ ትመልሳለች፤ ጥቂት ሳትቆይ ደረቷን ይዛ ቁጭ ትላለች። "ይቺ ልጅ ስንፍና ገባባት" ይል ነበር። እህቴ ሰነፍ አልነበረችም። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፤ አስተማሪ እሆናለሁ እያለች በከሰል ግድግዳ ላይ ጽፋ ታስተምረኛለች። ያን ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበረች። ቀንም ሌትም የምታስበው እሱን ብቻ ነበር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት መንገድ ላይ ወደቀች። ሰዎች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ እኔና እናቴ እየሮጥን ደረስን። ነርሷ የእህቴን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች። ምርመራው ሲወጣ እናቴን ጠራቻት።

"ትል ነው፣ እትዬ። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እርጥቡ አፈር ውስጥ ይፈለፈላል፤ በባዶ እግር ይገባና ደም ይመጠምጣል። አፈር የሚያሰኛትም ደሟ ስላለቀ ነው። ጫማ የላትም እንዴ?"

"ኧረ አላት" አለች እናቴ፣ ክብሯ እንደተነካ ሰው። "ለጥምቀት ብዬ ሰቅዬላታለሁ።"

እውነቷን ነው። አባቴ የገዛላት የላስቲክ ጫማ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጣሪያው እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በእኛ ቤት አዲስ ነገር ጭቃ አይነካም። ጥምቀት ሲመጣ ደግሞ "እስቲ ለከርሞ ይቆይላት" ይባላል። ከጤና ጣቢያ እንደተመለስን እናቴ አወረደችው። ተንበርክካ ልታጫማት ታገለች። ተረከዟ አልገባም። ብትገፋ፣ ብትስብ፣ እምቢ አለ። ጫማውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለእኔ ልክክ አለ።

እህቴ መድኃኒቱን ወሰደች፤ ቀስ በቀስም ፊቷ ወዛ። "ለከርሞ ትፈተኛለሽ" አሏት። ከርሞ ሲደርስ ግን ጉልበቷ ተመልሶ ነበር፤ ጉልበት ያላትን ልጅ ደግሞ ሽንኩርቱ ይፈልጋታል። በባዶ እግሯ እዚያው ቦይ ውስጥ ገባች። እኔ በእሷ ጫማ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሚኒስትሪውንም ያለፍኩት እኔ ነኝ።

አሁንም እዚያው ናት፤ አግብታ፣ ወልዳ፣ ሽንኩርት ታለማለች። ልጇ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ክረምት ለልጅቷ ከሱቄ ቦት ጫማ ላኩላት። እህቴ እንደ እናታችን ትሰቅለዋለች ብዬ ስሰጋ ከረምኩ።

ትናንት እህቴ ደወለች። "የልጅቷ ቦት አለቀ። ተረከዙ ተቀደደ፤ ከጭቃ አትወጣም እኮ።"

ዕቃ አለቀ ሲሉኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። "ሌላ እልካለሁ" አልኳት። "ለአንቺም ጭምር። እምቢ ብትይ አልሰማሽም።"

ዘወትር "ለእኔ ምን ያደርግልኛል" ነበር መልሷ። ትናንት ግን እንደዚያ አላለችም።

"የጫማ ቁጥሬን እኮ አላውቀውም" አለችኝ።