ሰው የሌለበት ውሃ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አበሳ ነው። «ላብራቶሪ» ስላቸው አከራዬ ሰገራና ሽንት የምመረምር ይመስላቸዋል። የኔ ነገር ግን ሌላ ነው። አንዳንድ መድኃኒት የሚሠራው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ተጣርቶ ሲወጣ ከሕዋሱ የተበጣጠሰ ዲኤንኤ አብሮት ይቀራል። ያ ትራፊ ከሚፈቀደው እንዳይበልጥ እለካለሁ።

ያን ጊዜ የያዝኩት ናሙና መነሻው የሰው ሕዋስ ነበር። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ሰው ነኝ። ከመድኃኒቱ ጎን ለማመሳከሪያ የማስቀምጠው ንጹሕ ውሃ አለ፤ ማሽኑ እሱ ውስጥ ምንም ማግኘት የለበትም። ማሽኑ ግን የሰው ዲኤንኤ ያገኝበታል። ከትንፋሼ ይሁን ከጸጉሬ፣ እግዜር ይወቀው። አለቃዬ «አሁንም ከተበላሸ ናሙናው ለአዲስ አበባ ይሰጣል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያምነኛል? ማንም ድርሽ እንዳይል ብዬ ክፍሉን ዘጋሁ። ሌሎቹ ሻይ እየጠጡ ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ እኔ በጓንትና በጭምብል ታፍኜ ከቱቦ ጋር እፋጠጣለሁ። አንዳንዴ የራሴን ድምፅ ለመስማት ብቻ ማሽኑን እሰድበዋለሁ።

በመጨረሻው ሙከራ ቀን አባቴ መጡ። ዲማ አካባቢ የሚኖሩ ቄስ ናቸው፤ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ደርሰው፣ ሳይመለሱ ሊያዩኝ ነው። ቱቦዎቹን አሽጌ ማሽኑ ውስጥ ከትቼ ነበርና ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለም። በሩን ከፈትኩ።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ!»

«ተይ፣ ከመንገድ ነኝ፤ አቧራ ነኝ» ብለው ወደ ኋላ አሉ። ልስማቸው ብጠጋ «ኧረ ሥራሽን!» አሉና በመስቀላቸው ከሩቅ ባርከውኝ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እንዴት እንደከፋኝ! ስንት ጊዜ ቆይቶ የኔ የምለው ሰው ቢመጣ፣ ሳይነካኝ ሄደ።

ማሽኑ ሲጨርስ ውሃው ንጹሕ ሆነ፤ ሰው የለበትም። እልል ማለት ሲገባኝ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የምነግረው ሰው ባጣ መልሼ ለእሳቸው ደወልኩ።

«ተሳካ፣ አባባ።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!»

«ለምን አልገቡም ግን?» አልኩ፤ ንዴቴ አልበረደም።

«እኔ ሰሞነኛ ስሆን ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አድር አልነበር? አንቺ ትንሽ ሆነሽ ቤተልሔሙ ደጅ ድረስ እየመጣሽ ‹አባባ ይውጡ› እያልሽ ታለቅሺ ነበር። ለቅዳሴው ንጽሕና ብዬ አንድም ቀን አልወጣሁልሽም። ታዲያ ዛሬ ያንቺን ሥራ በምን አንጀቴ ላበላሽ?»

እኔ ያን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክመውታል።

«አሁን የት ደረሱ?» አልኳቸው።

«አምበርን አለፍን።»

«በሰላም ይግቡ፣ አባባ።»

በሩን ስከፍት ሥራዬ አልቆ እንደነበር፣ ቢያቅፉኝ ምንም እንደማይበላሽ፣ አልነገርኳቸውም።